ስለ ልብስ ምልክትና ስለ ሰው ክብር

አንባቢ ሆይ፤ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ አንድ ነገር ከአንተ ጋራ ልንመረምር እንወዳለን። ነገሩም ይህ ነው፤ ሰው አንድን ልብስ ወይም አንድን የእጅ ቦርሳ ስለ መልካምነቱ ሳይሆን በላዩ ስለ ተጻፈው ስም ብሎ ሲመኘው፥ በእውነት የሚመኘው ምንድር ነው? ገንዘቡንስ ሲከፍል የሚገዛው ምንድር ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሚነካው ልብስን ብቻ አይደለም፤ ሰውን እንዴት እንደምናከብርና እንዴት እንደምንንቅ ይነካልና፥ እስከ ፍጻሜው በትዕግሥት እንድታነበው እንለምንሃለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመህ ዕወቅ።

ልብስ ስለ ምን እንደሚለበስ

ልብስ ለሰው ስለ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ኀፍረተ ሥጋውን ይሸፍንለታል። ሁለተኛ ከብርድና ከፀሓይ ይጠብቀዋል። ሦስተኛም ያስጌጠዋል። ይህም ሦስተኛው የሚነቀፍ አይደለም። ሙሽራ በሠርጓ ቀን፥ ሕዝብም በበዓል ቀን ያማረ ልብስ ቢለብሱ ደስታቸውን በልብሳቸው ይገልጣሉ እንጂ ክፉ አላደረጉም። ጥሩ ጥበብ የገባበትን ነጠላ አይቶ የሸማኔውን እጅ የሚያመሰግን ሰው ለሚገባው ሰው የሚገባውን ምስጋና ሰጠ።

ነገር ግን ከነዚህ ከሦስቱ በኋላ አራተኛ ነገር አለ። ሰው «እኔ ከአንተ እበልጣለሁ» ብሎ በአፉ ለመናገር ቢያፍር፥ ልብሱ ስለ እርሱ እንዲናገርለት ያደርጋል። ይህ አራተኛው ነገር ትናንት የመጣ አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ ነበረ። በጥንት ዘመን በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚወጣ ሐምራዊ ቀለም ነበረ። በ1909 ፓውል ፍሪድለንደር የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ቀለሙን ሊመረምር 12,000 ቀንድ አውጣ ቢጠቀም ያገኘው 1.4 ግራም ያህል ብቻ ነበር። እንግዲህ አንድ ካባ ለመንከር ምን ያህል ድካም እንደሚያስፈልግ ገምት። ስለዚህ በዚያ ቀለም የተነከረ ልብስ የታላላቅ ሰዎች መለያ ሆነ፤ በኋለኛው የሮም ዘመንም ከሐምራዊው የላቀውን ዓይነት ከንጉሠ ነገሥቱ በቀር ሌላ ሰው እንዳይለብሰው በሕግ ተከለከለ።

ደግሞም ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ215 ዓመት፥ ከሐኒባል ጋራ በሚዋጉበት ጊዜ፥ የኦፒዩስ ሕግ የተባለውን አወጡ። ይህ ሕግ ሴት ከግማሽ አውንስ የበለጠ ወርቅ እንዳይኖራትና ኅብረ ቀለም ያለው ልብስ እንዳትለብስ የሚከለክል ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ግን ሴቶቹ ራሳቸው ወደ አደባባይ ወጥተው ስለ ተከራከሩ ሕጉ ተሻረ።

በዚያ ዘመን የልብስን ደረጃ የሚጠብቀው ሕግ ነበረ። ዛሬ ግን በብዙ አገር ሰው የወደደውን ቢለብስ የሚከለክለው ሕግ የለም። ሕጉ ሲቀር ግን ምኞቱ አብሮ አልቀረም። በሕግ ፈንታ ዋጋ ዘበኛ ሆኖ ቆመ፤ በንጉሥ ቀለም ፈንታም የነጋዴ ቤት ስም ተተካ።

ምልክቱ ከየት እንደ መጣ

ዛሬ በከተማ «ብራንድ» እየተባለ የሚጠራው የንግድ ምልክት አጀማመሩ ክፉ አልነበረም። ይህንም በአንድ ሰው ታሪክ እንመልከት። ሉዊ ቪቶን በ1821 በምሥራቅ ፈረንሳይ በዡራ አገር ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በ1837 ደርሶም ሣጥን ከሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ገብቶ ሥራ ተማረ። በ1854 የራሱን ሱቅ ከፈተ። በዚያን ጊዜ የመንገደኛ ሣጥን ክዳኑ ጎባጣ ነበረ፤ ጎባጣነቱም ዝናም እንዳያድርበት ቢጠቅምም አንዱን በሌላው ላይ ለመደርደር አይመችም ነበር። ቪቶን ግን ክዳኑ ጠፍጣፋ የሆነ፥ ውሃ በማያስገባ ሸራ የተለበጠ ቀላል ሣጥን ሠራ። ሰው በባቡርና በመርከብ መጓዝ ባበዛበት ዘመን ይህ ሥራ እውነተኛ ጥቅም ነበረው።

ሥራው መልካም ስለ ሆነ ሌሎች አስመስለው ይሸጡት ጀመር። ስለዚህ በ1888 የዳማ ገበታ የሚመስል ሸራ ወጣ፤ በላዩም የቪቶን የተመዘገበ ምልክት መሆኑ ተጻፈበት። እርሱ በ1892 ከሞተ በኋላም ልጁ ዦርዥ በ1896 የአባቱን ስም ሁለት ፊደሎች ከአበባ ጋራ አቀነባብሮ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀውን ሸራ አወጣ። እንዲሁም ቻርልስ ፍሬዴሪክ ዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ በ1858 በፓሪስ የልብስ ስፌት ቤት አቁሞ ለፈረንሳይ ንግሥት ለኤውዤኒ ይሰፋ ነበር፤ ሠዓሊ በሥዕሉ ላይ ስሙን እንደሚጽፍ እርሱም ስሙን የያዘ ጨርቅ በልብሱ ውስጥ ይሰፋ ነበር።

እንዲህ ያለው ምልክት ዋስ ነው። «ይህን የሠራሁ እኔ ነኝ፤ ቢቀደድ ወይም ቢሰበር እኔን ጠይቁኝ» ማለት ነው። ሰው ለሥራው ስሙን ቢያሲዝ መልካም ያደርጋል፤ ስሙን የሚደብቅ ሠራተኛ ይልቅ ያጠራጥራል። ዛሬም ቢሆን በነዚህ ቤቶች መልካም ሥራ የለም አንልም። በ1837 የፈረስ ዕቃ በመሥራት የተጀመረው ኤርሜስ የተባለው የፓሪስ ቤት፥ ታላላቆቹን ቦርሳዎቹን እያንዳንዱን አንድ ሠራተኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ እንዲሰፋው ያደርጋል። ይህን ሙያ የሚንቅ ሰው ስለ ሙያ የማያውቅ ነው።

ነገሩ የተለወጠው እንዲህ ነው። የዎርዝ ስም በልብሱ ውስጥ ነበረ፤ የሚያውቀውም ባለቤቱ ነበር። ዛሬ ግን ስሙ በደረት ላይ፥ በቀበቶ ላይ፥ በመነጽር ጎን ላይ በትልቅ ፊደል ይጻፋል፤ የሚጻፈውም ለባለቤቱ ዓይን ሳይሆን ለመንገደኛ ዓይን ነው። ሠራተኛው ሞቶ ስሙ ብቻውን ቀረ፤ ስሙም ራሱ የሚሸጥና የሚገዛ ሀብት ሆነ። በ1987 ሉዊ ቪቶን የተባለው ቤት ከመጠጥ ነጋዴው ከሞዌት ሄኔሲ ጋራ ተባብሮ ኤል ቪ ኤም ኤች የተባለ ኩባንያ ተመሠረተ። ይህ ኩባንያ ብዙ እንዲህ ያሉ ስሞችን ሰብስቦ ይዞ፥ በ2023 ዓመት ብቻ ሽያጩ ከ86 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሆነ። በእግሩ ወደ ፓሪስ የሄደው ልጅ ከሞተ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙ ግን እጁ ያልነካውን ዕቃ ይሸጣል። ቀድሞ ምልክቱ ለሥራው ይመሰክር ነበር፤ አሁን ሥራው ምልክቱን ለመሸከም ይሠራል።

ምኞቱ እንዴት እንደሚነቃቃ

አንባቢ ሆይ፤ የዚህን ንግድ ጥበብ ብታውቀው ለመጠንቀቅ ይረዳሃል። ጥበቡ በአራት ነገር ይታያል።

አንደኛው ዋጋው ራሱ ነው። በሌላ ገበያ ዋጋ ሲጨምር ገዢ ይሸሻል። በዚህ ገበያ ግን ዋጋው መክበዱ ራሱ የሚስብ ነገር ሆነ፤ ሁሉ ሊገዛው ከቻለ ለመለየት አይጠቅምምና። ቶርስታይን ቬብለን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር በሰፊው ገልጦ ጻፈ፤ ባለጠጋ የሚያወጣው ወጪ ብዙ ጊዜ ለጥቅሙ ሳይሆን ሀብቱ እንዲታይለት መሆኑን አሳየ።

ሁለተኛው ማሳጣት ነው። ኤርሜስ ከ1984 ጀምሮ በእንግሊዛዊቱ ተዋናይት በጄን በርኪን ስም የጠራውን ቦርሳ ይሸጣል። ነገር ግን ገንዘብ ይዞ ወደ ሱቁ የገባ ሁሉ በዚያው ቀን ይዞት አይወጣም፤ ደጅ መጥናት አለበት። ሰውም የዘገየበትን ነገር የተመረጠ ሁኖ እንደሚቀበለው ያስባል፤ ገዢ መሆኑን ረስቶ ሹመት የተሰጠው ይመስለዋል።

ሦስተኛው ስሙን ለብዙዎች መቈራረስ ነው። በፓሪስ የሚሰፋውን ታላቅ ቀሚስ የሚገዙት እጅግ ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ጋብሪኤል ሻኔል በ1921 በስሟ ሽቱ አወጣች፤ ክሪስቲያን ዲዮርም በ1947 የመጀመሪያ ልብሶቹን ባሳየበት ዓመት ሽቱንም አብሮ አወጣ። ቀሚሱን መግዛት ያልቻለች ሴት ሽቱውን ትገዛለች፤ ሽቱው ሲበዛባት ከንፈር ቀለሙን ትገዛለች። ቀሚሱ ለጥቂቶች ይሰፋል፤ ስሙ ግን ተቈራርሶ ለሁሉ ይሸጣል።

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚያስደነግጥ ነው። በርበሪ የተባለው የእንግሊዝ ቤት በ2018 መጋቢት በተፈጸመው የሒሳብ ዓመት ብቻ 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ልብስ፥ ሽቱና ልዩ ልዩ ዕቃ እንዳጠፋ ራሱ በዘገባው አስታወቀ። ብዙ ሰው ስለ ተቈጣም በዚያው ዓመት ያልተሸጠ ዕቃ ማቃጠሉን እንደሚተው ተናገረ። ይህ ግን የአንድ ቤት ሥራ ብቻ አልነበረም፤ በዚህ ንግድ የታወቀ ልማድ ነበረ። በፈረንሳይ አገር ያልተሸጠ ልብስን ማጥፋት የሚከለክል ሕግ በ2020 እስኪወጣና ከ2022 ጀምሮ እስኪሠራበት ድረስ ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ይህን እሳት ቆም ብለህ አስተውለው። የሚሸጠው ልብስ ቢሆን ኖሮ ልብሱን ማቃጠል እብደት በሆነ ነበር። የተራቆተ ሰው ሞልቶ ሳለ አዲስ ልብስ የሚቃጠል፥ ልብሱ በርካሽ ዋጋ ተሸጦ ድኻ ሲለብሰው እንዳይታይ ነው። በቋንቋችን «ረከሰ» የሚለው ቃል ዋጋው ዝቅ ላለ ነገርም፥ ለጐደፈ ነገርም ይነገራል። እንደዚህ ያለው ነጋዴ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ዕቃው ቢረክስ ስሙ የሚረክስ ይመስለዋል። እንግዲህ በእውነት የሚሸጠው ልብሱ አይደለም፤ የሌላው ሰው አለመልበስ ነው።

ስለ ስምና ስለ እጅ

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ስም ብቻውን ሲከብር እጅ ይረሳል። በሰኔ 2024 የሚላኖ ፍርድ ቤት በኢጣልያ አገር ለዲዮር ቦርሳ የሚያሠራውን ኩባንያ ተቈጣጣሪ አስተዳዳሪ ሾመበት። ምክንያቱም ኩባንያው ሥራውን የሚሰጣቸው ሰዎች ሠራተኞቻቸውን እንዴት እንደያዙ በሚገባ አልተቈጣጠረም ተብሎ ነው። መርማሪዎቹ ባቀረቡት ጽሑፍ ሠራተኞች ቀንም ሌሊትም ለሥራ እንዲገኙ በሥራ ቤቱ ውስጥ ያድሩ ነበር። በሱቅ 2,600 ዩሮ ለሚሸጥ አንድ ቦርሳ ለሠሪው የሚከፈለው 53 ዩሮ መሆኑም ተገለጠ። እውነትን ለመናገር በ53 ዩሮው ውስጥ የቆዳው ዋጋ አልተቈጠረም፤ ለሱቅና ለሌላ ነገርም ወጪ አለ። ኩባንያውም ነገሩን አርሞ በየካቲት 2025 አስተዳዳሪው ተነሣለት። ቢሆንም ሁለቱን ቍጥር ጎን ለጎን አድርገህ ብትመለከታቸው፥ ገዢው ገንዘቡን ያወጣው ለስሙ እንደ ነበረና ለእጁ እንዳልነበረ ይገባሃል።

ይህን ሰምተህ «ይህ የፈረንጅ ኃጢአት ነው» ብለህ እንዳታልፈው እንለምንሃለን። በአገራችን ሸማውን እያከበርን ሸማኔውን ስንንቅ፥ ማረሻውንና ጦሩን እየፈለግን ቀጥቃጩን ስንሰድብ፥ በጀበናው ቡና እየጠጣን ሸክላ ሠሪዋን ስንሸሻት ብዙ ዘመን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ነገሩ የከፋ ነበር። ንቀቱም በአዋጅ ብቻ ፈጽሞ አልጠፋም። በፓሪስ ስሙን አክብሮ እጁን መርሳትና በአገራችን ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን መናቅ አንድ በሽታ ናቸው።

በሚያፍር ሰው ላይ እንዳትፈርድ

ምናልባት እስከዚህ ድረስ አንብበህ «እንግዲያው ለዓርማ ብለው ገንዘባቸውን የሚያባክኑ ሰዎች ሞኞች ናቸው» ትል ይሆናል። እንዲህ ለማለት አትቸኩል። አዳም ስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ በ1776 ስለ አሕዛብ ሀብት ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር ተመለከተ። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የተልባ እግር ሸሚዝ ሳይኖራቸው ደኅና ይኖሩ ነበር፤ በእርሱ ዘመን ግን በአብዛኛው አውሮፓ የቀን ሠራተኛ እንኳ ያለዚያ ሸሚዝ በሰው ፊት መታየት ያሳፍረው ነበር። ሸሚዙ ለሥጋው ባያስፈልገውም፥ ከሰው እንዳይጐድል አስፈለገው። ኀፍረት እውነተኛ ሕመም ነው።

የሦስት ወር ደመወዟን አጠራቅማ ባለ ዓርማ ቦርሳ የምትገዛውን ልጅ አስባት። ምናልባት በአንድ ሠርግ ላይ ማንም ሳያነጋግራት ውላለች፤ ጓደኛዋን ግን ባለ ዓርማ ቦርሳ ስለ ያዘች ሰው ሁሉ «ከየት አገር መጣሽ?» እያለ ሲከባት አይታለች። ይህች ልጅ ሞኝ አይደለችም፤ የእኛን ዓይን አንብባ የተረዳችው እውነት ነው። እኛ ያስተማርናትን ትምህርት በሚገባ ተምራለች። እንግዲህ ተማሪዋን ከመንቀፍ በፊት አስተማሪውን መጠየቅ ይገባል፤ አስተማሪዎቹም እኛ ነን።

የሚያስመስለውም ሰው እንዲሁ ነው። በመርካቶም ሆነ በሌላ የዓለም ገበያ የታወቁ ስሞችን አስመስለው የጻፉበት ዕቃ በርካሽ ይሸጣል። ይህን የሚሠራ ሰው የሌላውን ምልክት ይሰርቃል፤ ዐውቆ የሚይዘውም ሰው በዝምታ ይዋሻል። አባቶች «በሰው ወርቅ አይደምቁም» ያሉት ይህን ለመሰለው ነው። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ ምሳሌው የሚነካው አስመሳዩን ብቻ አይደለም። ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ እውነተኛውን የገዛውስ በማን ስም ይደምቃል? በቦርሳው ላይ የተጻፈው የእርሱ ስም አይደለም፤ የአባቱም ስም አይደለም። ያገኘው ክብር የተበደረው ክብር ነው፤ ቦርሳው ሲያረጅ ወይም ሌላ ዓይነት ሲወጣ ይመለሳል። ስለዚህም እንደ ገና ለመግዛት ይገደዳል።

ስለ ዓይናችን

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በሁለተኛው ምዕራፍ ስለዚሁ ነገር አንድ ምሳሌ ያቀርባል። ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ጉባኤ ይገባሉ፤ የአንዱ ሀብት በጣቱና በልብሱ ይታያል፥ የሁለተኛውም ድኽነት እንዲሁ በልብሱ ይታወቃል። የጉባኤው ሰዎች ለፊተኛው የክብር ስፍራ ይሰጡታል፤ ሁለተኛውን ግን ቆሞ እንዲውል ወይም ከእግራቸው በታች እንዲቀመጥ ያዝዙታል። ይህን ምሳሌ ብዙ ጊዜ እናነበዋለን፤ ነገር ግን አንድ ነገር እናልፈዋለን። ሐዋርያው በዚህ ስፍራ የገሠጸው ቀለበት ያደረገውን ሰው አይደለም። ያማረ ልብስ ለብሶ መግባቱን አልነቀፈበትም። የገሠጸው ልብሱን አይተው ወንበር የሰጡትን ነው።

የዓርማው ዋጋ የሚሠራው በፓሪስ ብቻ አይደለም። በፓሪስ ቆዳው ይሰፋል፥ ስሙም ይታተምበታል። ዋጋው ግን የሚሠራው ባየው ሰው ዓይን ውስጥ ነው። እኛ አይተን ባንደነቅ፥ ባንነሣ፥ ወንበር ባንሰጥ፥ ያ ስም ጥቂት ፊደል ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ስለዚህ አንድም ቀን ባለ ዓርማ ዕቃ ያልገዛ ሰው «እኔ ከዚህ ነገር ንጹሕ ነኝ» ሊል አይችልም። ልብስ አይቶ ሰላምታውን የሚያበዛና የሚያሳንስ ሰው፥ ኪሱ ባዶ ቢሆንም የዚህ ንግድ ባልደረባ ነው፤ ሳይከፈለው ያገለግለዋል።

ምናልባት እንዲህ የሚል ሰው ይገኝ ይሆናል፤ «ይህ ንግድ ለብዙ ባለ ሙያ እንጀራ ይሰጣል፤ ያማረ ነገር መውደድስ ምን ኃጢአት አለበት?» ይህ ቃል እውነት አለበት። በሐዋርያት ሥራ የተነገረላት ልድያ ሐምራዊ ልብስ ሻጭ ነበረች፤ ንግዷን እንድትተው መታዘዟ ግን አልተጻፈም። እኛም መልካም ሥራ በመልካም ዋጋ ቢሸጥ አንቃወምም። ለሠሪው የሚገባውን የሚከፍልና ዕድሜ የሚሰጥ ዕቃ የሚገዛ ሰው፥ ቶሎ የሚቀደደውን ርካሽ ልብስ እየገዛ ከሚጥለው ይልቅ ብልህ ሊሆን ይችላል። ጥያቄያችን ስለ ዕቃው አይደለም፤ ዕቃው በሰውና በሰው መካከል ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ምን ማድረግ እንደሚገባን

እንግዲህ ልትገዛ ስትል ሦስት ጥያቄ ራስህን ጠይቅ። መጀመሪያ፤ ስሙ ከላዩ ቢፋቅ ይህን ዕቃ በዚህ ዋጋ እወደዋለሁን? ሁለተኛ፤ ማንም በማያየኝ ስፍራ ብሆን ልለብሰው እሻለሁን? ሦስተኛ፤ ይህን ገንዘብ ሳወጣ የማን ፍራንክ አጐድላለሁ፤ የልጆቼን ትምህርት ነውን? የሠራተኛዬን ደመወዝ ነውን? ወይስ ያበደረኝን ሰው? ሦስቱን ጥያቄ ያለ ኀፍረት ከመለስህ በኋላ የምትገዛውን በሰላም ግዛ፤ የሚፈርድብህ የለም።

ነገር ግን ከመግዛት ይልቅ በማየት የሚደረገው ይበልጣል፤ ስለዚህ ይህንም እንጨምራለን።

በቤትህም ሆነ በመሥሪያ ቤትህ ደጅ ሁለት ሰዎች ቢመጡ፥ አስቀድሞ የመጣውን አስቀድመህ ተቀበል። ልብሱን ከማየትህ በፊት ፊቱን ተመልከት። በሠርግና በለቅሶ ቤት ማንም ያላነጋገረውን ሰው ፈልገህ ከጎኑ ተቀመጥ።

ለልጅህ ስለ ጫማው ምስጋና አታብዛለት። ልጅ የሚመሰገንበትን ነገር ይወዳል፤ በጫማው የተመሰገነ ልጅ ባልንጀራውን በጫማው ይንቃል። ስለ እውነተኛነቱና ስለ ትጋቱ ብታመሰግነው ግን ባልንጀራውንም በዚያው ይመዝናል።

ወደ ዐረብ አገር፥ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሄዱ ዘመዶችህ ሲመለሱ፥ የዚህን ወይም የዚያን ቤት ስም ጠርተህ ዕቃ አምጡልኝ አትበላቸው። ብዙዎቹ በሰው ቤት አገልግለው፥ ሌሊት በፋብሪካ ቆመው ያጠራቀሙትን ገንዘብ፥ «ባዶ እጁን መጣ» እንዳይባሉ ብቻ ለስም ያወጡታል። ይሉኝታ የያዘውን ሰው ማስጨነቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ግፍ ነው። «እንኳን በደኅና መጣህ» ብለህ ብትቀበለውና አንተው ብትጋብዘው ታላቅ ሸክም ታነሣለታለህ።

በአጠገብህ ያለውን ሠራተኛ፥ ሸማኔውን፥ ሰፊውን፥ ቆዳ ሠሪውን በስሙ ዕወቀው። በሺህ ምዕራፍ ርቆ የሚኖረውን የነጋዴ ቤት ስም በቃል አጥንቶ፥ የለበሰውን ነጠላ የሠራለትን ጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ክብርን በተሳሳተ ስፍራ አኑሯል። ዋጋውንም ሳትከራከር በጊዜው ክፈለው፤ ለታወቀ ስም የተጠየቀውን ሁሉ እየከፈሉ ከሸማኔ ጋራ ስለ ጥቂት ብር መሟገት ነውር ነው።

የተዋረደውንም ሰው አስብ። አዳፋ ለብሶ በደጅህ ሲቆም የአንተን ዓይን ያነባል። በዓይንህ ውስጥ ንቀት ቢያነብ፥ ነገ ሊበደርና ራሱን በስም ሊሸፍን ይሄዳል፤ ምናልባትም ልጆቹ ይራባሉ። ክብርን ቢያነብ ግን ምንም ሳይገዛ ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ክብር ለመስጠት ባለጠጋ መሆን አያሻህም፤ ማንም ነጋዴ በዋጋ አይሸጠውም፥ ያልተሸጠውንም ማንም አያቃጥለውም። በእጅህ አለና ዛሬውኑ ስጠው።